ከሸደር የተጨመረች መስመር

በአገራችን ስለ ፖለቲካ ሲወራ የሚነሡት ምርጫው፣ ሕገ መንግሥቱና ድንበሩ ናቸው፡፡ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ አጠገብ ሲቆም ትንሽ ይመስላል፡፡ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ያስቸገራቸውን ነገር አንድ ጊዜ ከፈቱ በኋላ መፍትሔውን ከአምስትና ከዐሥር መስመር በማይበልጥ የኮድ ቁራጭ ቆርጠው፣ ‹‹ይህ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው›› የሚል ማስታወሻ አክለው ያስቀምጡታል፡፡ በሌላ ቀን ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ ያሻሽለዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል፡፡ ዓለም በየቀኑ የሚገለገልባቸው ድረ ገጾች በብዛት የተገነቡት በእንዲህ ዓይነት የተዋዋሱ ቁራጮች ነው፡፡ እኔ የምለው ደግሞ ይህ ነው፤ እነዚህን ቁራጮች ማን ይሰበስባቸዋል፣ በየትኛው ቋንቋ ይጻፋሉ፣ በማን ደጅ ይቀመጣሉ የሚለው ጥያቄ የዜግነት ጥያቄ ነው፡፡

ነገሩን ከሙያው ውጭ ላሉ አንባብያን ግልጽ ለማድረግ በጥያቄ ምልክት ልጀምር፡፡ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ለወራት የባለጉዳዮችን ስም በአማርኛ ሲመዘግቡ ቆዩ፡፡ መዝገቡ ሲከፈት በስሞቹ ምትክ የተደረደረው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ ማይኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ2018 ስምንተኛው እትሙ እስኪወጣ ድረስ፣ ሌላ ካላዘዙት በስተቀር ሠንጠረዦቹን የሚያዘጋጀው ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ነበር፡፡ (ቅደም ተከተሉም እንደ ስዊድን ፊደል ነበር፤ የጀመረው ድርጅት የስዊድን ስለሆነ፡፡ የከበደን ስም በስዊድን ሥርዓት ስንደረድር ኖረናል ማለት ነው!) አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፡፡ ሠንጠረዡ ለእርሱ የሚሆን ቦታ ሲያጣ የጥያቄ ምልክት ይጥልበታል፤ ምልክቱ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ከጀርባው የተደበቀ ስም የለም፤ ጠፍቷል፡፡ መድኃኒቱ ሦስት መስመር ነው፤ አንዱ ሠንጠረዡ ሲሠራ፣ አንዱ ፕሮግራሙ ከመረጃ ቋቱ ጋር ሲገናኝ፣ አንዱ በገጹ ራስጌ ላይ ይጻፋል፡፡ እነዚህን ሦስት መስመሮች በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ሞልተው ነበር፡፡ በአማርኛ ተጽፈው፣ ያ ሠራተኛ ሊያነባቸው በሚችልበት ቦታ ግን አልተቀመጡም፡፡

ይህ የማካፈል ድህነት አዲስ አይደለም፡፡ በኮምፒዩተር በፊደላችን መጻፍ በተጀመረባቸው ዓመታት እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፡፡ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል፡፡ ስለዚህ ሰነድ የሚልክ ሰው ፊደሉንም አብሮ መላክ ነበረበት፡፡ በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ባለሙያዎች ብዙ ደክመው እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ለሁሉም አንድ የሆነ ቁጥር አገኘ፡፡ ከዚያ በኋላም ቢሆን አሮጌዎቹ ሰነዶች በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ተቆለፈ ሳጥን ቀርተዋል፤ አንዱን ወደ አንዱ የሚመልሰው የመቀየሪያ ሠንጠረዥ በየግለሰቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ተኝቷልና፡፡

የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው፡፡ የካቲት 30 ቀን የተወለደ ሰው ቅጽ ሲሞላ ‹‹እንዲህ ያለ ቀን የለም›› ይባላል፤ ቅጹን የሠራው ሰው የፈረንጁን ፌብሩዋሪ ስሙን ብቻ ለውጦ አስቀምጦታልና፡፡ ጳጉሜን የተወለደውማ ጭራሽ ወር የለውም፤ ወይ ወደ ነሐሴ ይገፉታል፣ ወይ ወደ መስከረም ይስቡታል፡፡ ሕጉ ግን በአንድ እስትንፋስ የሚነገር ነው፡፡ 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ አለዚያ 5፡፡ 2015ን ብታካፍሉት 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜንም 6 ነበረች፡፡ ይህንን የኮምፒዩተር ሰው አልፈለሰፈውም፡፡ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው፣ ለ4 ገድፈው፣ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ እያሉ ለዘመናት ሲያሰሉት ኖረዋል፡፡ ባሕረ ሐሳብ ራሱ በትውልድ እጅ የተላለፈ የስሌት ቁራጮች ስብስብ ነው ብል የሚቆጣኝ ሊቅ አይኖርም ብዬ አምናለሁ፡፡

ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ውስጥ ያለ የሶፍትዌር ድርጅት ሁሉ ይህንን መቀየሪያ ለራሱ እንደገና ይጽፈዋል፡፡ ገሚሱ ይሳሳታል፡፡ ጃቫስክሪፕት በተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ወሮች የሚቆጠሩት ከዜሮ መሆኑን፣ ጃንዋሪ 0 እንጂ 1 አለመሆኑን ያልነገሩት ጀማሪ አንድ ወር ሙሉ ወደፊት ይዘላል፡፡ የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን አውቀው በአማርኛ ማሳየት እንደሚችሉ የሚያውቀውም ጥቂት ነው፡፡ ሰዓቱም እንዲሁ ነው፡፡ ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚቆጥሩት በግሪኒች ሰዓት ስለሆነ የእኛ አቆጣጠር ከእርሱ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በግሪኒች 6 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፡፡ አንድ መስመር ማስታወሻ!

እንግዲህ ለተማሪዎቼ እንዲህ ያሉትን ማስታወሻዎች መሰብሰብ ስጀምር የት እናስቀምጣቸው የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መጣ፡፡ የዓለም ሰው ኮዱን የሚያኖረው እ.ኤ.አ. በ2008 በተቋቋሙት በጊትሀብና በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ነው፡፡ እኛም እዚያ ማኖሩን አልጠላንም፡፡ ነገር ግን መስመሩ ሲዘጋስ? በግንቦት 2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘጋ፡፡ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ በሁከት ስትናወጥ የሶማሌ ክልል መስመር ተቆረጠ፡፡ በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና፣ በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨለመ፡፡ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ፣ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ኖረዋል፡፡ በዚህ አገር የኮድ ጸሐፊ መሆን ማለት መጽሐፍ ቤቱ መቼ እንደሚቆለፍ ሳይነገረው የሚማር ተማሪ መሆን ነው፡፡

በሩን የሚዘጋው የእኛ መንግሥት ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሀብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራንና በሶሪያ የሚገኙ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገደበ፤ ለኢራናውያኑ ልዩ ፈቃድ ተገኝቶ ሙሉ በሙሉ የተከፈተላቸው በጃንዋሪ 2021 ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ደግሞ ‹‹ሌፍት ፓድ›› የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ቁራጭ ባለቤቱ ከአንድ ድርጅት ጋር በስም ጉዳይ ተጣልቶ ከጋራው ማከማቻ ቢያነሣው፣ በእርሱ ላይ የተደገፉ በሺሕ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች በዓለም ዙሪያ መሥራት አቃታቸው፡፡ ቁራጩ የሚሠራው ሥራ በቃል ፊት ባዶ ቦታ መጨመር ነበር፡፡ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህችን 11 መስመር በእጃቸው አላኖሯትም ነበር፡፡

ስለዚህ ማስታወሻዎቻችን በፍላሽ ይዞራሉ፡፡ ኩባውያን ‹‹ኤል ፓኬቴ›› እያሉ የሳምንቱን ፊልምና ፕሮግራም በሃርድ ዲስክ ቤት ለቤት እንደሚያዞሩት መሆኑ ነው፤ የእኛው ከዚያ በጣም ያንሳል፡፡ ለድረ ገጽ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ መመሪያዎች፣ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የስታክ ኦቨርፍሎው ቅጂ፣ በላዩም በአማርኛ የተጻፉ ማስታወሻዎቻችን፡፡ እያንዳንዱ ማስታወሻ ምን እንደሚያስቸግር፣ ኮዱ፣ ለምን እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ይነግራል፡፡ የመጨረሻው ክፍል ነው ዋጋ ያለው፡፡ ‹‹ይሠራል›› የሚል ማስታወሻ ከየትም ይገኛል፤ ‹‹እዚህ ጋ አይሠራም›› የሚለውን የሚነግራችሁ የተቃጠለ ሰው ብቻ ነው፡፡

ፍላሹ ሸደር የደረሰው በአንድ ተማሪዬ ኪስ ነው፡፡ ሸደር ከጅጅጋ በስተሰሜን በአውበሬ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፡፡ ስሟ ከአካባቢው ውጭ የሚሰማው በ2000 ዓ.ም. አጠገቧ በተከፈተው የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ምክንያት ነው፤ ከእርሷ በፊት ቀብሪ በያህ በ1983 ዓ.ም.፣ አውበሬ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ተከፍተዋል፡፡ ልጁ ያደገው እዚያው ነው፡፡ በዕረፍት ጊዜው ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ላፕቶፕ ከበው ይማራሉ፡፡ ተራ የደረሰው ይጽፋል፣ የቀሩት በደብተር ይገለብጣሉ፡፡ ኮድ በእጅ መገልበጥ የሚያስቃቸው አሉ፡፡ እነዚህ ልጆች ግን በቁርኣን ትምህርት ቤት ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በቃላቸው ከያዙ በኋላ በውኃ አጥበው ቀጣዩን ምዕራፍ የሚጽፉ ናቸው፡፡ በቃል ያለ ይረሳል የሚለው ተረታችን በሸደር እምብዛም አይሠራም፡፡

ከስብስባችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያነሣው ማስታወሻ የፍለጋ ማስታወሻ ነው፡፡ በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሆነዋል፡፡ አንዱ ‹‹ዓለሙ›› ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው ‹‹አለሙ›› ብሎ ቢፈልገው ኮምፒዩተሩ አላውቅም ይላል፡፡ ቁራጩ እነዚህን ፊደላት ወደ አንድ ይሰበስብና ያነጻጽራል፤ ሀና ሃ፣ አና ኣም እንዲሁ፡፡ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ በብዙ እጅ አልፎ ምንም አልጎደለውም፡፡ ፍላሹ ከሸደር ሲመለስ ግን ከሥሩ አንዲት መስመር ተጨምራበት አገኘሁ፤ ‹‹የሶማሌ ስም ባለበት መዝገብ ላይ ስሙን ራሱን እንዳትለውጡ፤ ለፍለጋ ሌላ ዓምድ ሥሩ፡፡››

ተማሪዬን ጠርቼ አብራራልኝ አልሁት፡፡ ‹‹ዶክተር፣›› አለኝ፣ ‹‹ሐ ለእናንተ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ድምፅ ነው፡፡ ከብትን ሖሎ፣ እናትን ሆዮ እንላለን፡፡ ወተት ዓኖ ነው እንጂ ኣኖ አይደለም፡፡ ሐሰንን በመዝገቡ ላይ ሀሰን ካደረጋችሁት በኋላ በሶማልኛ ስትጽፉት በየትኛው ሸ ትጽፉታላችሁ?›› ‹‹ሸ›› ያለው ፈገግ ብሎ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ የሶማልኛን ሐ ከየት እንደሚያወጣ ሲጨነቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሊያስታውሰኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሶማሊያ በይፋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፡፡ በእኛ አገር በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ዛሬ በክልሉ ትምህርት ቤቶች ላቲኑ ነው፡፡ በዚያ አጻጻፍ ሐ የሚጻፈው በ‹‹ኤክስ››፣ ዐ ደግሞ በ‹‹ሲ›› ነው፡፡ ይህንን ያልሰማ የአዲስ አበባ ፕሮግራመር የሠራው ቀያሪ ዓብዲን ‹‹ካብዲ›› ያደርገዋል፤ ሐሰንንም በ‹‹ክስ›› ያስጀምረዋል፡፡ አንዱ ሰው በትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ላይ በ‹‹ሲ››፣ በፓስፖርቱ ላይ በ‹‹ኤ››፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ በአልፋው አ ይጻፋል፡፡ ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው፡፡ የከተማ ሰው ስሙ ከመዝገብ ቢታጣ ተናድዶ ነገ ይመለሳል፡፡ ከሸደር ተነሥቶ ለመጣ ግን የአንድ ቀን መንገድና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው፤ ለስደተኛ ደግሞ ከዝርዝር መታጣት ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ይገምተው፡፡

የሸደር ልጆች ያሰቡት መፍትሔ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው በአንድ ዓምድ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ በሌላ ዓምድ ደግሞ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን ቁልፍ እንዲሠራለት ነው፡፡ በቁልፉ ውስጥ ‹‹ሲ›› ወደ አ፣ ‹‹ኤክስ›› ወደ ሀ ይሄዳል፤ ለረጅም ድምፅ የሚደጋገሙት አናባቢዎች ወደ አንድ ይቀነሳሉ፡፡ ማሐመድንና መሐመድን ለማገናኘት ይህ አልበቃ ስላለ ለታወቁ ስሞች አጭር ሠንጠረዥ ጨመሩ፡፡ በጠቅላላው ከ30 መስመር አይበልጥም፡፡ ቋንቋ አጥኚዎች በጥራዝ የሚጽፉት ነገር በውስጡ አለ፤ ግዕዝ ያስቀመጠልን፣ ትግርኛ እስከ ዛሬ የሚናገረው፣ አማርኛ ግን ድምፁን ረስቶ ቅርጹን ብቻ የያዘው ፊደል በአውበሬ ወረዳ ሙሉ ጤናው ላይ ሆኖ መገኘቱ! ያንን የፍለጋ ቁራጭ የምንጠቀም የመሃል አገር ሰዎች በሙሉ ብንሰበሰብ ይህችን መስመር አንጽፋትም ነበር፤ ጆሯችን አይሰማትምና፡፡

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ‹‹የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች›› መርሐ ግብርን ጀምሯል፡፡ በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሰው ስለ ድረ ገጽ ፕሮግራም፣ ስለ ዳታ ሳይንስና ስለ አንድሮይድ በኢንተርኔት እንዲማርና የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ነው ዓላማው፡፡ ይህንን ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም፤ ለድሀ ልጅ በነጻ የተከፈተ ትምህርት ነው፤ ከተማሪዎቼም የተጠቀሙ አሉ፡፡ ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መስመር ሳይቆረጥ ሊከታተሉት ይገባል፤ ምሳሌዎቹም ለሌላ አገር ኑሮ የተሠሩ ናቸው፡፡ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ጥያቄ ምልክቱ፣ ስለ ዓብዲ የሚናገር ምዕራፍ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል? ሚሊዮኑን በምስክር ወረቀት ብዛት ከመቁጠር ጎን ለጎን እያንዳንዱ ተመራቂ ያስቸገረውን አንድ ነገር በራሱ ቋንቋ ጽፎ ለሁሉም እንዲያስቀምጥ ቢጠየቅ፣ አሥር ከመቶው እንኳ ቢያደርገው 500 ሺሕ ማስታወሻ ነው፡፡ ዘጠኝ አሥረኛው ድግግሞሽ ይሁን፤ የቀረው ይበቃናል፡፡

‹‹ካካፈልሁ ምን እበላለሁ?›› የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ የቀን መቀየሪያውን በገንዘብ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ፤ ልጆች አሉት፡፡ ለእርሱ የምለው ደንበኛው የሚከፍለው ለመቀየሪያው አለመሆኑን ነው፡፡ የሚከፍለው ሥርዓቱ በተበላሸ ሌሊት ስልኩን ለሚያነሣ ሰው ነው፡፡ ሙሉውን ሥራ አካፍሉም አላልሁም፡፡ ጎጆውን ሳይሆን የማገሩን አሰካክ አካፍሉ ነው ያልሁት፡፡ የተማርንበትን ነገር ሁሉ ከሌሎች ክፍት እጅ ወስደን እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅ መጨበጣችን ግን ያሳፍራል፤ ይህንን ሳልል ባልፍ ለባልደረቦቼ አድሎ ማድረግ ይሆንብኛል፡፡

በዚህ ላይ አዲስ ምክንያት መጥቷል፡፡ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ኮድ ይጽፋሉ፤ በስታክ ኦቨርፍሎው የሚቀርበው አዲስ ጥያቄም ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል፡፡ ተማሪዎቼ ‹‹ማሽኑ ሲያውቅ ማስታወሻ ለምን?›› ይሉኛል፡፡ ማሽኑ የሚያውቀው ሰዎች ጽፈው የተዉለትን ነው፡፡ ስለ ፈረንጅ ቀን ሲጠየቅ የሚተማመነው ሺሕ ጊዜ ስለተጻፈለት ነው፡፡ የሶማልኛ ስሞችን በአማርኛ መዝገብ ውስጥ ስለ መፈለግ ምን ያህል ተጽፎለታል? የዛሬው ዝምታችን የነገው ማሽን ድንቁርና ሆኖ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል፤ ያውም በሚያሳምን ቋንቋ፡፡

ፍላሹ በዚህ ሰሞን ወደ ሸደር ተመልሷል፤ ከዚያም ወደ አውበሬና ወደ ቀብሪ በያህ ይሻገራል፡፡ ያልተፈታ ጥያቄም ይዞ ነው የሄደው፡፡ የሶማልኛ ፊደል ቅጹ ላቲን ይሁን እንጂ ሲደረደር የዐረብኛን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ ከ‹‹ቢ›› ቀጥሎ ‹‹ቲ››፣ ከዚያ ‹‹ጄ››፣ ከዚያ ያ የሐ ‹‹ኤክስ›› ይመጣል፤ አናባቢዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፡፡ የአማርኛው ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው፡፡ የእንግሊዝኛው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሳይጠየቅ የሚሰጠን ነው፡፡ በአንድ ክፍል መዝገብ ላይ ዓብዲ፣ ለማና ሐሰን ቢኖሩ መምህሩ ማንን ቀድሞ ይጥራ? እስካሁን በማስታወሻው ላይ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ኮድ ጽፈዋል፤ አራተኛው ሰው ደግሞ ከሥሩ ‹‹መምህሩ ይምረጥ፤ ቁልፍ አድርጉለት›› ብሏል፡፡ የእጅ ጽሑፉ የሸደሩ ልጅ አይደለም፡፡